የግፊት ሕመምተኛ በእንቅልፍ ኪኒን ላይ የሚሠራቸው ስህተቶች

እናቴ የግፊት ኪኒኗን ከራት በኋላ ነበር የምትውጠው። ሌሊት ሦስት አራቴ ለሽንት ትነሣለች፤ ከተነሣች በኋላ እንቅልፍ የለም። ጎረቤት «ይቺን ሞክሪያት» ብላ ዲያዜፓም የሚባል የሚያስተኛ ኪኒን ሰጠቻት። ሦስት ወር ሳይሞላ ያለ እሷ ዓይኗ አይከደንም ነበር።

እንቅልፍ የነሳውን ሳይፈልጉ ኪኒን መጀመር አንዱ ስህተት ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሴማይድ የሚባሉት የግፊት ኪኒኖች ሽንት ያበዛሉ። የእናቴም ከእነዚሁ ነበርና ሐኪሟ ሰዓቱን ወደ ጠዋት ሲያዛውሩላት የችግሩ ግማሽ እዚያው አለቀ። ፕሮፕራኖሎል የሚባለው ሌላ የግፊት ኪኒንም አንዳንዱን ሰው ያቃዠዋል። ከሰዓት በኋላ እስከ በረካ የሚጠጣው ቡና ደግሞ አለ፤ እሱን ማን ይናገረዋል?

ማንኮራፋትን መናቅ ሌላው ነው። እያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም የሚልና ድንገት አየር የሚስብ ሰው እንቅልፉ ከባድ ስለሆነ አይደለም። የትንፋሽ መቋረጡ ራሱ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ በሦስት ዓይነት መድኃኒት አልወርድ ላለ ግፊት አንዱ የተለመደ ምክንያትም ይኸው ነው። የእንቅልፍ ኪኒን የጉሮሮን ጡንቻ አላልቶ ሊያባብሰው ይችላል። ይህን የሚያውቀው አብሮ የሚተኛው ነውና ሐኪም ዘንድ አብሮ ቢሄድ ጥሩ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን «ሱስ እንዳይሆንብኝ» ብሎ በአንድ ቀን መጣል ነው። ለወራት የተወሰደ ዲያዜፓም በድንገት ሲቆም እንቅልፍ ማጣቱ ብሶ ይመለሳል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ግፊት ይወጣል፣ አንዳንዱንም ያንፈራግጠዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2020 እ.ኤ.አ. ዲያዜፓም በሚመደብበት የቤንዞዳያዜፒን መድኃኒቶች ወገን ሁሉ ላይ ስለ ሱስና ስለ ማቋረጥ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲሰፍር አዟል። እናቴ ሐኪሟ ባወጡላት ፕሮግራም ኪኒኑን በቢላ እየከፈለች፣ ቁራሹን በሲኒ እያስቀመጠች ነው ያቆመችው። ሳምንታት ፈጅቶባታል።

መድኃኒቱ ከሰውነት ሳይወጣ ከአልጋ ዘሎ መነሣትም ሌላ ስህተት ነው። ዲያዜፓም ከደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ የትናንቱ ሳያልቅ የዛሬው ይደረብበታል። ለእንቅልፍ ብለው የሚወስዱት አሚትሪፕቲሊን የሚባል የድብርት መድኃኒት ደግሞ ሰው ተነሥቶ ሲቆም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል፤ በግፊት ኪኒን ላይ ሲታከል ራስ ዞሮ መውደቅ ነው፣ በሽማግሌ ዕድሜም የዳሌ አጥንት ስብራት።

አረቄ ወይም ጠጅ ጠጥቶ ኪኒኑን መዋጥ ትንፋሽ እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል፤ ይህ ላይ ድርድር የለም።

እናቴ አሁን ሌሊት አንዴ ብቻ ትነሣለች። መጀመሪያ መብራቱን ታበራለች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ትቀመጣለች፣ ከዚያ ነጠላዋን ትፈልጋለች።