አልማዝ ባለጭራ ሲወጣ 72 ሰዓቱን አታባክኑ

ጀርባ ወይም ጎድን ላይ፣ በአንድ ጎን ብቻ እንደ ቀበቶ የተሰለፈ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ካያችሁ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ሽፍታው ሳይወጣ በፊት ቦታው ያቃጥላል፣ ይወጋል። ሰው ግን «ሸረሪት ሸናብኝ» ብሎ ቅጠል ይለጥፍበታል። ሸረሪቷ የለችበትም! ድሮ ጉድፍ ያስያዘን ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሲነሳ ነው።

መድኃኒት አለው፣ አሲክሎቪር ይባላል። ለአዋቂ የተለመደው 800 ሚሊ ግራም በቀን 5 ጊዜ ለ7 ቀን ነው። ኩላሊቱን ለሚያመው መጠኑ ስለሚለይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትጀምሩ። ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል። ቫላሲክሎቪር የሚባለው ተመሳሳይ መድኃኒት ከተገኘ በቀን 3 ጊዜ ብቻ ስለሚዋጥ ይቀላል። የአሲክሎቪር ቅባት ብቻውን እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የለውም፤ ገንዘባችሁን ለክኒኑ አውሉት።

ግንባር፣ ዓይን አካባቢ ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ግን ዛሬ ነገ ሳትሉ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ወጣት ከሆናችሁ የሰውነት መከላከያ አቅም መዳከም ምልክት ሊሆን ስለሚችል የኤችአይቪ ምርመራም አድርጉ። ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ሸፍኑት፤ ጉድፍ ይዟት ከማያውቅ ነፍሰ ጡርና ከጨቅላ ሕፃን ራቁ።