የ40 ሜትሯ ሬዲዮዬ ድምፅ በመጨረሻ ጠራ

በእጄ የገጣጠምኳት፣ በ40 ሜትር የአማተር ሬዲዮ ሞገድ የምትሠራ ሬዲዮ ሰው ሲያወራባት ከሥሩ ሽሽሽ ይላል፤ ድምፁን ከፍ ሳደርገው ደግሞ እንደ ባጃጅ ዱግ ዱግ ትጀምራለች። ስፒከሩን ጠርጥሬ ቀየርኩት (ሁለት ምሽት በከንቱ!)፣ ያው ናት።

ጣጣው ያለው ኤልኤም386 የድምፅ ማጉያ አይሲ (ትንሽ ቺፕ) ዙሪያ ነበር። በ1ኛና በ8ኛ እግሯ መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) ብቻውን ስላስገባሁ 200 እጥፍ ታጎላ ነበር፤ ሽሽታውንም ጭምር። ከካፓሲተሩ ጋር 1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚገታ ክፍል) በተከታታይ ስበይድ ማጉላቱ ወደ 50 እጥፍ ወረደ።

ዱግዱጉስ? ቦርዱን ገልብጬ በባትሪ ሳበራበት የ7ኛው እግር ካፓሲተር ቦታ ባዶ ቀዳዳ! ረስቼዋለሁ። እዚያ 10፣ ኃይል በሚገባበት 6ኛው እግር ሥር ደግሞ 470 ማይክሮፋራድ ወደ ግራውንድ (የወረዳው የጋራ ዜሮ መስመር) አስገባሁ። ጸጥ አለች። ለጆሮ ማዳመጫ 50 እጥፍ ከበቂ በላይ ነው።