ጂም ላላችሁ፦ ጀግናው ደንበኛው ነው

ባሕር ዳር የማየው የጂም ማስታወቂያ ሁሌም ያው ነው፤ አዲስ ማሽን፣ ጡንቻውን የወጠረ አሰልጣኝ፣ ዋጋ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን የምንጠጋው ግን አንድ ሰው ችግር ሊገጥመው እንደሆነ ስለምናውቅ ነው።

እናንተም ማስታወቂያችሁን እንደ ተረት ከደንበኛው ችግር ጀምሩ። ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ የሚውል፣ ወገቡን የሚያመው፣ የቤዛዊትን ዳገት ሦስቴ ቆሞ ትንፋሽ እየሰበሰበ የሚወጣ ደንበኛ አለ እንበል። ሊያቋርጥ ያሰበበትን ሳምንት አትዝለሉት፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው። አሰልጣኙ በተረቱ ውስጥ መንገድ የሚጠቁመው ሽማግሌ ነው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። መጨረሻ ላይ ስንት ኪሎ እንደቀነሰ ከማውራት፣ ያንኑ ዳገት ሳይቆም ሲወጣ በቪዲዮ አሳዩን።

ሰውየውን ሳታስፈቅዱ ግን እንዳትለጥፉ። እዚህ ከተማ ማንነቱን ለማወቅ አንድ ማኪያቶ ይበቃል።