የአዲስ በረዶ ሰባሪ መርከብ ዜና ሲወጣ ምን ምኑን ማየት ይገባል?

አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ሩሲያና ቻይና ለዋልታ ውኃ የሚሆኑ አዳዲስ በረዶ ሰባሪ መርከቦች እያሠሩ ነው። ፊንላንድ ደግሞ ለራሷም ለሌላውም ትሠራለች። ዜናው አዘውትሮ የሚነግረን ሦስት ነገር ነው፤ የመርከቧን ርዝመት፣ ዋጋዋንና «ይህን ያህል ሜትር በረዶ ትሰብራለች» የሚለውን ቁጥር። በእነዚህ ብቻ መርከብ አትመዘንም። ቀጥሎ ያለው አንድን መግለጫ ይዞ ቁም ነገሩን ከማስታወቂያው ለመለየት የሚረዳ አካሄድ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከውፍረቱ አጠገብ ፍጥነቱን ይፈልጉ

«ሁለት ሜትር ትሰብራለች» የሚል ነገር ፍጥነት ካልተጻፈበት ጎደሎ ነው። በሙያው የተለመደው ውፍረቱን በ3 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሳይቆሙ ከመሄድ ጋር አያይዞ መግለጽ ነው። በ1976 አገልግሎት የጀመረችው የአሜሪካዋ ፖላር ስታር ጥሩ ማሳያ ናት። በ3 ኖት ሳታቋርጥ የምትሰብረው 1.8 ሜትር ነው፤ ወደ ኋላ አፈግፍጋ እየተንደረደረች ስትመታ ግን እስከ 6.4 ሜትር ትደርሳለች። አርዕስተ ዜና የሚወደው ሁለተኛውን ነው። እየተንደረደሩ መምታት ግን በእያንዳንዱ ምት የሚያስገኘው መንገድ ጥቂት ነው፤ ነዳጅ ይፈጃል፤ ከኋላ የጭነት መርከብ አስከትሎ ለመሄድም አይመችም። ሁለቱም ቁጥሮች ከቀረቡ ትንሹን ይያዙ።

ይህ ቁጥር የሚሰላው ደግሞ ለጥ ባለ፣ ውፍረቱ ወጥ በሆነ በረዶ ላይ ነው። በአርክቲክ ነፋስና የውኃ ፍሰት የበረዶ ንጣፎችን እያጋጨ ይከምራቸዋል፤ ከላይ ሁለት ሜትር የሚታይ ክምር ከውኃ በታች ከአሥር ሜትር በላይ ሊወርድ ይችላል። በበረዶው ላይ የተኛ ብናኝ በረዶም የመርከቧን ጎን እየያዘ ፍጥነቷን ይበላል። የቻይናዋ ሹዌ ሎንግ 2 መግለጫ በዚህ ረገድ የተሟላ ነው፦ 1.5 ሜትር በረዶ፣ በላዩ 20 ሳንቲ ሜትር ብናኝ፣ ከ2 እስከ 3 ኖት። ሌሎቹም እንዲህ ቢጽፉ ባልከፋ።

ደረጃዋን ያረጋግጡ፤ ቁጥሩ ወዴት እንደሚቆጠር ግን ይጠንቀቁ

ዓለም አቀፉ የዋልታ ደረጃ ከ1 እስከ 7 ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መርከቧ ትጠነክራለች። ደረጃ 1 ዓመቱን ሙሉ በማንኛውም የዋልታ ውኃ የምትሄድ ናት። ደረጃ 2 መካከለኛ ውፍረት ያለውን፣ ከአንድ ክረምት በላይ የቆየ በረዶ ትችላለች። ደረጃ 5 ዓመቱን ሙሉ ብትሠራም ከ70 እስከ 120 ሳንቲ ሜትር ባለው የአንድ ክረምት በረዶ ነው፤ ደረጃ 6 እና 7 በበጋና በመኸር ብቻ ይሠራሉ። የካናዳ ባሕር ኃይል ሃሪ ዴዎልፍ መርከቦች ደረጃቸው 5 ነው፤ ካናዳ በ2025 የተዋዋለችባቸው ሁለቱ ትልልቅ በረዶ ሰባሪዎች ደግሞ ደረጃ 2 ናቸው። ሁለቱን ወገኖች በአንድ ሠንጠረዥ «በረዶ ሰባሪ» ብሎ መደመር፣ የአገሮችን መርከብ ብዛት ሲያወዳድሩ የሚፈጸም የተለመደ ስሕተት ነው።

ሩሲያ የራሷ አሰጣጥ አላት፤ በረዶ ሰባሪዎቿን ከ6 እስከ 9 ትመድባለች፤ እዚያ ትልቁ ቁጥር ነው ጠንካራው። የሩሲያውን 9 ከዓለም አቀፉ 2 ጋር በቁጥሩ ብቻ ማወዳደር ነገሩን ይገለብጠዋል።

አፍንጫዋን በፎቶ ይመልከቱ

መርከቧ በረዶውን እንደ መጥረቢያ አትፈልጠውም፤ ትወጣበትና በክብደቷ ታጎብጠዋለች። በረዶ ለመጨፍለቅ ያስቸግራል፣ ሲታጠፍ ግን ቶሎ ይሰበራል፤ ድርቆሽ እንጀራን በመዳፍ ከመጫን ጫፉን ይዞ ማጠፍ እንደሚቀለው። ስለዚህ የበረዶ ሰባሪ አፍንጫ ውኃው ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ወደ ፊት ተንጋሎ ዝቅ ያለ ነው። ሆዷም ክብ ይሆናል፤ በረዶ ከሁለቱም ጎን ቢጫናት እንዳያጣብቃት።

ዋጋው የሚከፈለው በክፍት ባሕር ነው። ክብ ሆድ ያላት መርከብ ማዕበል ሲመጣ ክፉኛ ትወዛወዛለች፤ ጠፍጣፋ ሆድና ቀጭን አፍንጫ ካላት ደግሞ በረዶ ላይ ትቸገራለች። የባሕር ኃይል መርከብ ሁለቱንም ስለሚፈልግ መሐንዲሶቹ ያስታርቃሉ። ሃሪ ዴዎልፍ ለክፍት ባሕር ከጎኗ የሚዘረጉ ማረጋጊያ ክንፎች አሏት፤ በረዶ ውስጥ ስትገባ ወደ ውስጥ ታጥፋቸዋለች። ይህን የመሰለ ነገር መግለጫው ውስጥ ካላገኙ መርከቧ ለየትኛው ሥራ እንደተደራጀች ይጠይቁ። መድፍም አይሸውድዎ፤ ትልቅነቱ የበረዶ አቅምን አይናገርም። ሃሪ ዴዎልፍ የያዘችው 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሩሲያዋ ኢቫን ፓፓኒን ግን 76 ሚሊ ሜትር።

ጉልበቱ ወደ ውኃው እንዴት እንደሚደርስ ይከተሉ

የፈረስ ጉልበት ብዛት ብቻውን ብዙ አይናገርም። የበረዶ ድንጋይ ፕሮፔለሩ ውስጥ ሲገባ በቀጥታ ከዲዝል ሞተር ጋር የተያያዘ ዘንግ ሊቆም ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን በዝግታ ሲዞርም ሙሉ የማዞር ኃይሉን ይሰጣል። በዚህ ምክንያት አብዛኞቹ በረዶ ሰባሪዎች ዲዝሉ ጄነሬተር እንዲያዞር፣ ፕሮፔለሩን ደግሞ ኤሌክትሪክ እንዲያዞር ተደርገው ይሠራሉ። የሩሲያ አርክቲካም እንዲሁ ናት፤ ምንጯ ሁለት ኒውክሌር ማብለያዎች ቢሆኑም ሦስቱን ፕሮፔለሮች የሚያዞሩት ኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው፤ በጠቅላላው 60 ሜጋዋት።

ችግርም የሚመጣው ከዚሁ ሞተር ነው። የአርክቲካ አንዱ ሞተር በ2020 መጀመሪያ በሙከራ ላይ ተበላሸ፤ መርከቧ በዚያው ዓመት ጥቅምት ሥራ ስትጀምር ሙሉ ጉልበቷ አልነበራትም። የአሜሪካዋ ሂሊም በ2020 ነሐሴ አንዱ ሞተሯ ተቃጠለ። ሞተሩ በበር የሚወጣ አልነበረምና የመርከቧ ጎን ተቆርጦ ነው የተቀየረው፤ ያዳናት መርከቧ ስትሠራ አብሮ የተገዛ መለዋወጫ መኖሩ ነው። ስለዚህ በውሉ ውስጥ ዋና ሞተር መለዋወጫ ተካትቶ እንደሆነ መፈለግ ለዋጋው ማብራሪያ ይሰጣል። ሳይካተት የረከሰ ዋጋ በኋላ ይመጣል።

ፕሮፔለሩና ሞተሩ ከመርከቧ ሆድ ሥር ተንጠልጥለው ዙሪያውን የሚዞሩበት አዚፖድ የሚባል ስልትም አለ። የፊንላንዷ ፖላሪስ ሦስት አላት፣ አንዱ ከፊት ነው። አዚፖድ ያላቸው አንዳንድ መርከቦች ወፍራም ክምር ሲገጥማቸው ዞረው በጀርባቸው ይገባሉ፤ ፕሮፔለሩ በረዶውን እየከሰከሰ ውኃውን እየጠረገ ይሄዳል። እዚህ ላይ «በእገሌ ንድፍ ላይ የተመሠረተ» የሚል ቃል ካዩ ቆም ይበሉ። ሃሪ ዴዎልፍ መነሻዋ የኖርዌይዋ ስቫልባርድ ናት፤ ስቫልባርድ ግን በአዚፖድ ትሄዳለች፣ የካናዳዋ በተለመደው ዘንግና መሪ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የማቀዝቀዣ ውኃ ነው። ሞተሩን የሚያበርደው የባሕር ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ በተፈጨ በረዶ ይደፈናል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ከዚያ ይጠፋል። መፍትሔው ሞቆ የወጣውን ውኃ ወደ መግቢያው መመለስ ነው። ነዳጅም እንዲሁ ጥበቃ ይፈልጋል። በ2012 ታኅሣሥ አላስካ ዳርቻ ኩሉክ የተባለውን የነዳጅ መቆፈሪያ ትጎትት የነበረችው አይቪክ አራቱም ሞተሮቿ ጠፉ፤ መንስኤው የተበከለ ነዳጅ ነበር። ይህቺው መርከብ ዛሬ ስቶሪስ ተብላ በአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ሥር ትሠራለች፤ የተገዛችው በ125 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ብረቱንና የጊዜ ሰሌዳውን አንድ ላይ ያንብቡ

በብርድ ተራ ብረት ይሰባበራል። የመርከብ ብረት ስም ላይ የምታዩት ፊደል የተፈተነበትን ሙቀት ይነግራል፤ ዲ በዜሮ በታች 20፣ ኢ በዜሮ በታች 40፣ ኤፍ በዜሮ በታች 60 ዲግሪ። የአሜሪካ አዲሷ ከባድ በረዶ ሰባሪ የምትሠራው ኢኪው47 በተባለ ብረት ነው፤ ይህ ዓይነት በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 460 ኒውተን እስኪደርስበት ቅርጹን አይለቅም። ለብየዳ ግን አመለኛ ነው። ብረቱ አስቀድሞ መሞቅ አለበት፤ የብየዳ ዘንጉ እርጥበት ከያዘ ሃይድሮጅን ይገባና ስንጥቁ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ ይወጣል። ያን ዕለት የተፈተሸ ብየዳ ደኅና መስሎ ያልፋል።

ብየዳውን የለመደ ባለሙያ የሌለው መርከብ ሠሪ የሚዘገየውም እዚህ ነው፤ ከዚህ የሚብሰው ግን ንድፉ ሳያልቅ ብረት መቁረጥ ነው። ያችው አሜሪካዊት መርከብ ውሏ የተፈረመው በ2019 ሚያዝያ ነው፤ በ2024 ትደርሳለች ተብሎ ነበር፣ አሁን የሚባለው 2030 ነው። አገሪቱ ከባድ በረዶ ሰባሪ ካሠራች ከ40 ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። የፖላሪስ ውል ግን በ2014 ተፈርሞ ርክክቧ በ2016 ተፈጽሟል። ፖላሪስ ለባልቲክ የተሠራች፣ በመጠኗም ያነሰች ስለሆነች ሁለቱ እኩያ አይደሉም፤ ልዩነቱ ግን በመጠን ብቻ የሚመጣ አይደለም። በ2025 ጥቅምት አሜሪካና ፊንላንድ ከስምምነት ሲደርሱ ከ11 መካከለኛ መርከቦች እስከ አራቱ በፊንላንድ፣ የቀሩት በአሜሪካ እንዲሠሩ የተወሰነው ከዚህ የተነሳ ነው። የአሜሪካ ሕግ የባሕር ዳርቻ ጥበቃን መርከብ በውጭ ማሠራት ስለሚከለክል ፕሬዚዳንቱ በብሔራዊ ደኅንነት ስም መፍቀድ ነበረባቸው።

«ብረት ተቆረጠ»፣ «ውኃ ላይ ወረደች» የሚሉ ዜናዎችን ቀን ይጻፉባቸውና ያቆዩአቸው። ኢቫን ፓፓኒን ውኃ ላይ የወረደችው በ2019 ጥቅምት ነው፤ ባሕር ኃይሉ አገልግሎት ላይ ያዋላት በ2025 መስከረም ነው። ርክክብም ቢሆን የበረዶ ሙከራን አይተካም። የሃሪ ዴዎልፍ ርክክብ የተፈጸመው በ2020 ሐምሌ ሲሆን፣ ወደ በረዶው ወጥታ የተሞከረችው በ2021 መጀመሪያ ነው፤ በበጋ የሚረከብ መርከብ በረዶው እስኪጠና መጠበቅ አለበትና። ከሙከራው በኋላ የሚወጣውን ሪፖርት ሲያገኙ የበረዶው ውፍረት፣ ጥንካሬው፣ የብናኙ ጥልቀት፣ የመርከቧ ፍጥነትና በወቅቱ ስንት ሞተር ይሠራ እንደነበር በአንድ መስመር መጻፋቸውን ይዩ፤ ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ ቁጥሩን ከሌላ መርከብ ጋር አያወዳድሩት።