የሱቅና የቢሮ መስመር ስልክ ወደ ፋይበር ሲቀየር ቀድማችሁ የምታዘጋጁት

ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ሱቅ ወይ ቢሮ ያላችሁ ይሄን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። በኮሪደር ልማቱ መንገዱ እየተቆፈረ ገመዱ መሬት ውስጥ ሲገባ ቆይቷል፣ የድሮው የመዳብ መስመርም በፋይበር እየተተካ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ስለ ስልኩ ማሰብ የሚጀምረው ቴክኒሻኑ በር ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት ምክር ደሞ አብዛኛው ለእንግሊዝ የተጻፈ ነው፣ እነሱ የድሮውን የስልክ ኔትወርክ በፈረንጆች ጃንዋሪ 2027 ሙሉ በሙሉ ሊዘጉት ስለሆነ። እዛ ያለው ግማሹ እኛንም ይመለከታል፣ የኛ ዋና ጉዳይ ግን መብራት ነው፣ ስለዚ ከሱ ልጀምር።

የድሮው መስመር ስልክ መብራት ሲጠፋም የሚሰራው ኤሌክትሪኩን ከናንተ ቆጣሪ ስለማይወስድ ነው። ከቴሌ ጣቢያ በዛው በመዳቡ ገመድ 48 ቮልት ገደማ ይመጣለታል፣ ጣቢያው ደሞ የራሱ ባትሪና ጀነሬተር አለው። ፋይበር መስታወት ነው፣ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚ ግድግዳችሁ ላይ የሚሰቀለው የፋይበሩ ሳጥን (ስልኩና ኢንተርኔቱ የሚሰካበት ሞደም) የሚሰራው በናንተ ሶኬት ነው፣ መብራት ሄደ ማለት ስልኩም ሄደ ማለት ነው። ከዚ በኋላ ስልኩን የማቆየቱ ሃላፊነት የናንተ ነው፣ ይሄን የሚነግራችሁ ሰው ላይኖር ይችላል።

መፍትሄው ከባድ አይደለም፣ ለራውተር የሚሆን ሚኒ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ሳጥኑን በባትሪ የሚያቆይ፣ ግዙ። ግን ከመግዛታችሁ በፊት የሳጥኑ አዳፕተር ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት 1 አምፔር ወይ 1.5 አምፔር ይላል፣ ዩፒኤሱም በትክክል እሱን ቮልት መስጠት አለበት የሶኬቱ ጫፍም መግጠም አለበት። 12 በ1 ስታባዙት 12 ዋት ነው፣ ሳጥኑ ቢበዛ የሚበላው እሱን ነው። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ሚኒ ዩፒኤስ ውስጡ ያለው ባትሪ 3.7 ቮልት ስለሆነ የሚይዘው 37 ዋት ሰዓት ነው፣ ብክነቱን ቀንሳችሁ 30 በሉት፣ ለ12 ዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል ማለት ነው። ሻጩ ቀኑን ሙሉ ይይዛል ካላችሁ ይሄን ሂሳብ ፊቱ ሰርታችሁ አሳዩት። ሰፈራችሁ መብራት የሚቆየው ከዛ በላይ ከሆነ ተለቅ ያለ ግዙ። ገመድ አልባ ስልክ የምትጠቀሙ ከሆነ የሱም መቀመጫ መብራት ይፈልጋል፣ ስለዚ አንድ ተራ ባለገመድ ስልክ አትጣሉ፣ በቀጥታ ሳጥኑ ላይ ሰክታችሁ የምትጠቀሙበት።

ቀጥሎ የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ጀምራችሁ በእጃችሁ እየያዛችሁ ተከተሉት፣ እውነቴን ነው፣ ምን ላይ እንደተሰካ የሚታወቀው እንደዛ ነው። ፎቅ ላይ ያለ ሁለተኛ ስልክ፣ ፋክስ፣ የማንቂያ ደወል፣ የሊፍት የአደጋ ስልክ፣ ፒኤቢኤክስ (ጥሪውን ለውስጥ ስልኮች የሚያከፋፍለው ማዞሪያ)፣ ኤዲኤስኤል ኢንተርኔት፣ ሁሉንም ወረቀት ላይ ጻፉ። ኤዲኤስኤል የሚሄደው በዛው መዳብ ስለሆነ መዳቡ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ካሽ ሬጅስተሩ ብዙ ጊዜ በራሱ ሲም ነው ዳታ የሚልከው፣ አይነካውም። የባንክ ፖስ ማሽንም አብዛኛው እንደዛው ነው፣ ከኋላው የስልክ ገመድ የተሰካበት ካያችሁ ግን ቀድማችሁ ለባንኩ ንገሩ። ፋክስ በዲጂታል መስመር ላይ ይበላሻል፣ አንዳንዴ ያልፋል አንዳንዴ ገጹ መሃል ላይ ይቆማል፣ ፍጥነቱን ወደ 9600 ዝቅ ማድረግ ይረዳል፣ የሚቻል ከሆነ ግን ስካን አድርጋችሁ በኢሜይል ወይ በቴሌግራም መላክ ልመዱ። የግድግዳ ሶኬቶቹ ከአዲሱ ሳጥን ጋር ካልተገናኙ ባዶ ይሆናሉ፣ ፎቅ ላይ ያለው ስልክ እንዲሰራ ከፈለጋችሁ ቴክኒሻኑ እያለ ጠይቁት፣ ከውጪ የሚመጣው የድሮ መዳብ ሳይነቀል ግን ሶኬቶቹን ከሳጥኑ ጋር እንዳያገናኟቸው ተጠንቀቁ። ፒኤቢኤክስ ያላችሁ ክሊኒኮችና ፔንሲዮኖች የሚገጥምላችሁን ባለሙያ አስቀድማችሁ ጥሩት፣ ስንት የውጪ መስመር እንዳለው፣ አንዱ ሲያዝ ጥሪው ወደ ሌላው ይዘል እንደሆነ አጣርታችሁ።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ 011 ብሎ የሚጀምረው ቁጥራችሁ ታፔላ ላይ፣ ደረሰኝ ላይ፣ ማህተም ላይ ሳይቀር ተቀርጿል፣ ስለዚ ከመፈረማችሁ በፊት ቁጥሩ እንደማይቀየር አረጋግጡ። ከዛ በላይ ግን መስመሩ በማን ስም እንደሆነ ቢሉን አውጥታችሁ እዩ። መሃል ከተማ ያሉ የድሮ መስመሮች ብዙዎቹ በቀድሞ ተከራይ ወይ በሞቱ አባት ስም ናቸው፣ ሂሳቡ እስከተከፈለ ድረስ ማንም አይጠይቅም ነበር፣ ለውጥ ሲመጣ ግን ስሙ ያለው ሰው ይጠየቃል። ስም ማዛወሩን አሁን ጀምሩት፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን፣ መታወቂያ፣ በሌላ ሰው ስም የምትሄዱ ከሆነ ውክልና ይዛችሁ።

ሳጥኑ የት ይሰቀል የሚለውን ለቴክኒሻኑ ብቻ አትተዉት፣ እሱ የሚያየው አጭሩን መንገድ ነው። ሶኬት አጠገብ ይሁን፣ ውሃ የማይረጭበት፣ መወልወያ የማይደርስበት፣ ካርቶን የማይደረደርበት። የፋይበሩ ገመድ ቀጭን ነው፣ አጥፋችሁ መደርደሪያ ጀርባ ከከተታችሁት ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ከ3 ሳንቲሜትር በጠበበ ክብ አትጠቅልሉት። ሳጥኑ ላይ ያሉትን መብራቶች ደሞ ሰራተኞቻችሁ ይወቋቸው፦ ፖን (PON) የሚለው አረንጓዴ ሆኖ ከቆመ መስመሩ ደህና ነው፣ ሎስ (LOS) የሚለው ቀይ ብልጭ ብልጭ ካለ ብርሃኑ አልደረሰም፣ ማጥፋት ማብራቱ አይፈታውም፣ ገመዱ ተነቅሎ ወይ ታጥፎ እንደሆነ አይታችሁ 994 ደውሉ።

ኢንተርኔቱ ለስልክ አይበቃም ብላችሁ አትጨነቁ፣ አንድ ጥሪ በየአቅጣጫው 100 ኪሎ ቢት በሰከንድ ገደማ ነው የሚወስደው። ስልኩ የተሰካው ሳጥኑ ላይ ካለው የስልክ ፖርት ከሆነ ድምጹ ብዙ ጊዜ በራሱ መንገድ ነው የሚሄደው። በአፕ የምትደውሉ ከሆነ ግን የደንበኛውን ዋይፋይ ከስራው ለዩት፣ ካፌው ውስጥ አስር ሰው ቪዲዮ ሲጭን ድምጹ መቆራረጥ ይጀምራል።

የሚቀየርበትን ቀን ስራ የሚቀዘቅዝበት ቀን አድርጉት፣ ጥሪው ወደ ሞባይል ዳይቨርት እንዲሆን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቴክኒሻኑ ሳይሄድ ከሞባይል ወደ መስመሩ ደውሉ፣ ከመስመሩ ወደ ሞባይል ደውሉ፣ ሌላ 011 ቁጥርም ሞክሩ፣ ከዛ የሳጥኑን ሶኬት ከግድግዳ ንቀሉትና በዩፒኤሱ ብቻ አንድ ጥሪ አውሩ። እንዳወራችሁ ካልተቋረጠ ፈርሙለት።