ጉጣም እንጨት ደጋን አልሆን ሲል

መጀመሪያ የሠራሁት ደጋን የተሰበረው ልክ ጉጡ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ጉጡን ስረግም ኖርኩ። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር። ጀርባው ላይ ጎበጥ ያለውን ጉጥ እንዲያምር ብዬ በመላጊያ ደልድዬዋለሁ። በእጅ ሲዳሰስ ልስልስ ብሎ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ስስበው ቋ አለና ሁለት ቁራጭ እንጨት ይዤ ቀረሁ።

ለመግባባት ያህል፦ ወደ ዒላማው የሚዞረውን ፊት ጀርባ፣ ወደ እናንተ የሚዞረውን ሆድ እላለሁ። ደጋን ሲሳብ ጀርባው ይለጠጣል፣ ሆዱ ይጨመቃል። ብዙው ጣጣ የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ጉጡ አጠገብ ስንጥር ሲነሳ

ስትስቡት "ጠቅ" የምትል ትንሽ ድምፅ ትሰማላችሁ። እዚያው አቁሙ። በጥጥ ቁራጭ ጀርባውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳብሱት። ጥጡ ተይዞ የሚቀርበት ቦታ ላይ ስንጥር አለ።

ምክንያቱ የተቆረጠ ቃጫ ነው። የእንጨት ቃጫ ጉጥ ሲያጋጥመው ግራና ቀኝ ተከፍሎ ዞሮ ያልፋል፤ ከጀርባ በኩልም ሽቅብ ይወጣና ይወርዳል። እናንተ ቀጥ ያለ መስመር አስምራችሁ ከጠረባችሁ ያንን መንገድ በጠሳችሁት ማለት ነው። ስለዚህ ጀርባው ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ የእድገት ቀለበት (ዛፉ በየዓመቱ በሚጨምረው አንድ ንብርብር) ላይ መሄድ አለበት። ጉጡ ላይ ጎበጥ ካለ ጎበጥ ይበል። ጠርዙንም ቢሆን ቃጫውን በእርሳስ ተከትላችሁ አስምሩና በዚያው ሂዱ። ደጋኑ ትንሽ እባብ ቢመስል ምንም አይደለም።

ወርዱን ስትለኩ ጉጡን እንደሌለ ቁጠሩት። የደጋኑ ክንድ (ከመያዣው እስከ ጫፍ ያለው ክፍል) ወርዱ 4 ሴንቲሜትር ሆኖ ጉጡ 1 ሴንቲሜትር ከያዘ፣ እዚያ ቦታ ላይ ወርዱ ወደ 5 ሴንቲሜትር ይስፋ። መላጊያም ከጉጥ አርቁ። ቃጫው በሁለቱ ወገን አቅጣጫውን ስለሚቀይር መላጊያው ነክሶ ይነቅለዋል። ቢላዋ ቀጥ አድርጎ ይዞ ቀስ ብሎ መፋቅ ይሻላል።

ስንጥሩ ትንሽ ከሆነ ቀጭን ሱፐር ግሉ አስገቡበት፣ ጫን አድርጋችሁ አድርቁት፣ ከዚያ ኮላ በነካ ክር ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙት። የወርዱን ግማሽ ከያዘ ግን አትድከሙ። ፊታችሁ ላይ ቢሰበር አደጋ አለው።

ጉጡ ራሱ የበሰበሰ ከሆነ ጠንካራ እንጨት እስክታገኙ በቢላዋ ጫፍ ቆርቁሩት። የእንጨት ዱቄት በኮላ ለውሳችሁ ድፈኑት። ድፍኑ ሸክም አይሸከምም፤ ስለዚህ የወርዱን ነገር አትርሱ።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሲታጠፍ

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ክንዱ እንደ ማጭድ መጉበጥ ሲገባው አንድ ቦታ ላይ እንደ ክርን ይታጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ ከጉጡ ጎን ነው። ጉጡ ግትር ስለሆነ አልጎብጥ ሲል አጠገቡን ፍቃችሁ ፍቃችሁ ስስ አድርጋችሁታል።

የታጠፈውን ቦታ አትንኩት። በእርሳስ ትልቅ የኤክስ ምልክት አድርጉበት። ከሆድ በኩል የሚፋቀው ከግራና ከቀኙ ያለው ግትር ቦታ ነው። እጅ ወደ ታመመው ቦታ መሄዱ አይቀርም፤ እኔ እስከዛሬ ራሴን በግድ ነው የምይዘው። በርግጥ ደጋኑ ከታሰበው በላይ ይላላል፤ ይህን መቀበል ነው።

መጠኑ ደግሞ ያታልላል። ውፍረቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ግትርነቱ በ27 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ወርዱ በ10 በመቶ ቢቀንስ ግን ያው 10 በመቶ ነው። ስለዚህ ጥቂት ፋቁ፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ በትንሹ ሳቡት፣ ራቅ ብላችሁ እዩት፣ እንደገና ፋቁ። ጉድለት እያያችሁ አብዝታችሁ አትሳቡ።

ገመዱ ሲፈታ ጎብጦ ሲቀር

ትንሽ መጉበጥ ያለ ነው፤ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር አያሳስብም። እጅግ ከጎበጠ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንጨቱ እርጥብ ስለነበር ነው። ሻካራውን ቅርጽ ከሰጣችሁት በኋላ ሚዛን ላይ እያስቀመጣችሁ ክብደቱን መዝግቡ። መቀነሱን ሲያቆም ደርሷል። ሲደርቅ እንዳይጠማዘዝ ከጣውላ ጋር እሰሩት፣ እሳት አጠገብ ግን አታድርጉት።

ሆዱ ላይ የጥፍር ጭረት የመሰለ መስመር

አግድም የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ካያችሁ ቃጫው ተጨፍልቋል። ኮላ አያድነውም። ሌላውን ክፍል ፍቃችሁ ያ ቦታ እንዲያርፍ ማድረግ ብቻ ነው ያለው።

ገመዱ ወደ ጎን ሲሄድ

የሁለቱን ጠርዞች ውፍረት በጣት ዳብሱ፤ ወፈር ያለው ወገን ይፋቅ። ከልክ በላይ ከተጠማዘዘ በእንፋሎት አሙቃችሁ አቅኑትና እስኪቀዘቅዝ እሰሩት። ከመሳባችሁ በፊት ግን ለጥቂት ቀናት ይድረቅ።

ከተሰበረ

ቶሎ አትጣሉት። ስብራቱ ረጃጅም ስንጥር ካለው እንጨቱ ደህና ነበር፤ ያበዛችሁት ሸክም ነው። እንደ ብስኩት አጭር ሆኖ ከተቆረጠ ከመጠን በላይ ደርቋል ወይም መበስበስ ጀምሮ ነበር። ጉጡን አቋርጦ ከሄደ ደግሞ ቁራጩን ወደ ብርሃን አዙሩትና ጀርባውን እዩ። ቀለበቱ እዚያው ላይ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። የኔው እንደዚያ ነበር።