ጂኦፓይ ኤረር ሲያበዛባችሁ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በፓይተን የቦታ ስም ሰጥታችሁ ላቲቲዩድና ሎንግቲዩድ ለማውጣት ጂኦፓይ የሚባለውን የፓይተን ላይብረሪ ከኖሚናቲም ጋር የምትጠቀሙ ልጆች ሁሌ የምትጠይቁኝ አንድ አይነት ጥያቄ ስለሆነ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። ኖሚናቲም ማንም ሰው ሊያርመው በሚችለው ነፃ ካርታ፣ በኦፕንስትሪትማፕ ዳታ ላይ ቦታ የሚፈልግ ሰርቪስ ነው፣ ነፃ ነው፣ ኤፒአይ ኪይ (ተመዝግባችሁ የምታገኙት የመጠቀሚያ ኮድ) አይጠይቅም፣ ግን የራሱ ህግ አለው።

ገና ስትጀምሩ ኮንፊገሬሽን ኤረር ወይም 403 (ሰርቨሩ ከልክሏችኋል ማለት ነው) ከመጣ፦ ዩዘር ኤጀንት፣ ማለትም አፓችሁ ለሰርቨሩ ራሱን የሚያስተዋውቅበትን ስም፣ አልሰጣችሁትም፣ ወይ ከሆነ ቦታ ኮፒ ያደረጋችሁትን የምሳሌ ስም እንዳለ ትታችሁታል። የራሳችሁን አፕ የሚገልፅ ስም ስጡት፣ በቃ።

ታይምአውት (መልሱ በጊዜው አልመጣም) ካለ፦ ጂኦፓይ ካልነገራችሁት 1 ሰከንድ ብቻ ነው የሚጠብቀው፣ ለኛ ኔትወርክ ደሞ ይሄ አይበቃም፣ 10 አድርጉት።

መጀመሪያ ሰርቶ መሃል ላይ 429 (ጥያቄ አበዛችሁ ማለት ነው) ካመጣ ወይ ብሎክ ካደረጋችሁ፦ ሙሉ የኤክሴል ሊስት በፎር ሉፕ ለቃችሁበታል ማለት ነው፣ የተፈቀደው ቢበዛ በሰከንድ 1 ጥያቄ ነው። እዛው ጂኦፓይ ውስጥ ያለውን ሬት ሊሚተር፣ ጥያቄዎቹን እያራራቀ የሚልከውን፣ በ1 ሰከንድ ልዩነት ተጠቀሙ፣ ያገኛችሁትንም ፋይል ላይ ሴቭ አድርጉ፣ ያንኑ አድራሻ ደጋግሞ መጠየቅ ሰርቨሩን የሚጋሩትን ሰዎች መጉዳት ነው።

ብዙ ሰው የሚያለቅስበት ግን «ነንታይፕ ላቲቲዩድ የለውም» የሚለው ኤረር ነው። ነን (None) በፓይተን ባዶ ውጤት ነው፣ እዚህ ጋ ቦታው አልተገኘም ማለት ነው፣ ስለዚህ ላቲቲዩዱን ከመጥራታችሁ በፊት ውጤቱ ነን መሆን አለመሆኑን ቼክ አድርጉ። ግን ተጠንቀቁ፣ ሬት ሊሚተሩ ኤረር ሲመጣ ትንሽ ሞክሮ ካልሆነለት ዝም ብሎ ነን ይመልሳል፣ ኔትወርክ ተቋርጦም ቦታው የለም ብላችሁ ልትመዘግቡ ትችላላችሁ፣ እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ሙሉ ሊስት እንደገና ሰርቻለሁ። ሬት ሊሚተሩ ላይ ኤረር የሚደብቀውን ስዋሎው ኤክሴፕሽንስ (swallow_exceptions) የሚለውን ፎልስ ስታደርጉት ኤረሩ ይታያችኋል።

ቦታው የእውነት ካልተገኘ ደሞ የኛ አገር አድራሻ ነገር ነው። «ከታክሲ ማዞሪያው ገባ ብሎ ከፋርማሲው ጀርባ» የሚለውን ሰርቪሱ አያውቀውም፣ ለሱ የሰፈሩን ወይ የታወቀውን ቦታ ስም ብቻ ስጡት። በአማርኛም በላቲን ፊደልም ሞክሩ፣ ፒያሳን ብቻ ሰው ስንት አይነት አድርጎ ነው የሚጽፈው። ካንትሪ ኮዱን የኢትዮጵያውን ካደረጋችሁት የሌላ አገር ውጤት አይመጣም። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ጭራሽ ከሌለ ኮድ አያወጣውም፣ ገብታችሁ ራሳችሁ ጨምሩት፣ ለሁላችንም ይጠቅማል።

የመጨረሻው፣ ከአዲስ አበባ የወሰዳችሁት ፒን ባህር ላይ ካረፈ ቁጥሮቹ ተገላብጠዋል። ጂኦፓይ ላቲቲዩድን ያስቀድማል፣ ጂኦጄሰን (የካርታ ዳታ የሚቀመጥበት የፋይል ፎርማት) ደሞ ሎንግቲዩድን። አዲስ አበባ 9.03፣ 38.74 ናት፣ ስትገለብጡት ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ውስጥ ትገባላችሁ።